የግራ ክንዱ እስኪወጣ

የዋሻውን ወሬ መጀመሪያ የሰማሁት በአገው ምድር፣ ቆሰበር ከተማ፣ ከባለቤቴ ጋር በከፈትናት ትንሽ ሱቅ ውስጥ ጨው ስመዝን ነው። ጊዜው በንጉሡ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ ዓመታት መጨረሻ ግድም ነበር። ከአዲስ ቅዳም በኩል የመጣ አንድ ገበያተኛ፣ «ፈረንጆቹ ሰው አወጡ» አለ። የምን ሰው ብዬ ብጠይቀው፣ «አጥንት ነዋ! ከነጥርሱ ጋደም ብሎ ተገኘ» አለኝና ጨዉን በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ወጣ።

ፈረንጆቹ ከመጡ ሰንብተዋል። መስቀል አልፎ ጭቃው ሲጠነክር በላንድሮቨር መጥተው ከገደሉ ሥር ድንኳን ተከሉ። ከአዲስ አበባ የተላከ አንድ ወጣት ሹምም አብሯቸው ነበር። ዋሻው የድንጋይ ዘመን ሰዎች የኖሩበት ስለሆነ ለጥናት ይቆፈራል ተብሎ በገበያ ተለፍፏል። ይህን ያመነ ሰው ግን አላጋጠመኝም። አንዱ ወርቅ ነው ይላል፤ ሌላው በድሮ ጦርነት የተሸሸገ ታቦት ነው ይላል፤ ጣሊያን ሲወጣ የቀበረው ብር ነው የሚልም ነበር። እኔም ብሆን ሰው ለደረቅ አጥንት ብሎ ባሕር ይሻገራል ብዬ አላምንም ነበር። ፈረንጆቹ ሱቃችን መጥተው ባትሪ ድንጋይና ክብሪት ሲገዙ ዓይኔ ከእጃቸው አይነሣም፤ በጥፍራቸው ሥር የገባውን አፈር ሳይቀር አይ ነበር።

ወሬውን ከሰማሁ ጥቂት ቀናት ቆይቶ እናቴ በበቅሎ መጣች። የምትኖረው በገጠር ነው፤ ያለ ገበያ ቀንም ከተማ ብቅ አትልም። ያን ቀን ገበያ አልነበረም። ከበቅሎዋ ሳትወርድ በአገውኛ ጠየቀችኝ።

«ዋሻው የትኛው እንደሆነ ነገሩሽ?»

«ነገሩኝ።»

«ታዲያ ዝም ብለሽ ጨው ትሸጫለሽ?»

ምን ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። ያ ዋሻ በጠላት ዘመን የአርበኞች መሸሸጊያ ነበር። አባቴም ከእነሱ አንዱ ነበር። እኔ አባቴን አላውቀውም፤ እናቴ እኔን አርግዛ ሳለች ጫካ ገብቶ በዚያው ቀረ። የተመለሰው ጓደኛው ነው። አብረው ያደጉ፣ አብረው ፈረስ የጋለቡ፣ አብረው የሸፈቱ ሰዎች ነበሩ። ጓደኛው ለእናቴ እንደነገራት፣ አባቴ ቆላ በኩል በተደረገ ውጊያ ሆዱን ተመታ፤ ተሸክሞት ሲመጣ መንገድ ላይ ነፍሱ ወጣች፤ በአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ቀበረው። ሥርዓቱን ያደረሱት ቄስም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ስለዚህ መቃብሩ የአባቴ ለመሆኑ ከጓደኛው ቃል በቀር ምስክር አልነበረም። ዝናሩን ለእናቴ አምጥቶላታል። ጠመንጃውን ግን አላመጣም፤ ወንዝ ስሻገር ውሃ ወሰደብኝ አላት።

እኔ ይህን ሰው «አያ» እያልኩ ነው ያደግኩት። ማሳችንን የሚያርስልን፣ ጣራችን ሲያፈስ የሚከድንልን እሱ ነው። ስዳርም በአባቴ ቦታ ተቀምጦ የመረቀኝ እሱ ነው። በየዓመቱ በአባቴ ዝክር ዕለት እስከ መቃብሩ ድረስ አብሮን ይሄዳል።

እናቴ ሱቁ ውስጥ ተቀምጣ፣ የሰጠኋትን ውሃ በእጇ እንደያዘች፣ «እዚያ ዋሻ ውስጥ ሞቶ ቢሆንስ?» አለችኝ።

«አያ ለምን ይዋሻል?»

«ጠመንጃ ያኔ ምን ያህል ይወደድ እንደነበር አታውቂም።»

ደነገጥኩ። ከእሷ ንግግር ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን የራሴ ሐሳብ ነው፤ ወዲያው ትዝ ያለኝ አያ ቤት ምሰሶው ላይ የተሰቀለው ምንሽር ጠመንጃ ነበር። ከጣሊያን የማረክሁት ነው ይላል። በልጅነቴ አፈሙዙን እየነካሁ ተጫውቼበታለሁ። በዚያች ቅጽበት፣ ያ ምንሽር የማን ነበር? አልኩ በሆዴ።

«ምልክት አለው» አለች እናቴ። «ጉግስ ሲጫወት ከፈረስ ወድቆ የግራ ክንዱ ተሰብሮ ነበር። ወጌሻው አጣሞ ነው የገጠመው። በጨለማ ብዳብሰው አውቀዋለሁ።»

ሹሙ ሐሜቱን ለማብረድ ብሎ፣ በገበያ ቀን ማንም ሰው መጥቶ ዋሻውን ማየት ይችላል ብሎ አስነግሮ ነበር። እንሂድ ተባባልን። እናቴ ግን አያም እንዲመጣ ፈለገች።

«እሱ ለምን?» አልኳት።

«አጥንቱን ሲያይ እኔ ፊቱን አያለሁ።»

ለአያ ምክንያቱን አልነገርነውም። የድሮ ዋሻችሁን እንይ ብለን ነው የጠራነው። እሱም ፈረሱን ጭኖ መጣ። መጀመሪያ ላይ ስለ ገብሱና ስለ ከብቱ ሲያወራ ቆይቶ፣ ገደሉ ከሩቅ ሲታይ ዝም አለ። እኔ ከኋላ ሆኜ እያንዳንዱን እንቅስቃሴውን እከታተል ነበር። ልጓሙን ሲስብ ሊመለስ ነው እላለሁ፤ ሲያስል የሆነ ነገር ሊናገር ነው እላለሁ። ሰውን እንዲያ አድርጎ ማየት ያደክማል።

ዋሻው በቀርከሃ ታጥሯል። በር ላይ የአካባቢያችን ሰው ዘበኛ ሆኖ ተቀምጦ ሕዝቡን በተራ ያስገባል። መስቀላቸውን የያዙ ቄስ፣ ልጅ ያዘሉ ሴቶች፣ ከገበያ ዶሮ ይዞ የመጣ ሰውም ነበር። ከፊታችን የነበረው ሽማግሌ ሲወጣ፣ «እንዴት ነው?» ብለው ቢጠይቁት «እንዳሳዩን ነዋ!» አለና አለፈ። ዶሮ የያዘው ሰው ሳቀ፤ እናቴ ግን ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ወጣቱ ሹም ከረባት አስሮ የላስቲክ ቦቲ ጫማ አድርጓል። «እማማ፣ ቀስ ብለው ይርገጡ፤ ሳንቃው ያንሸራትታል» አላት። እናቴ አማርኛ ትሰማለች፤ ንግግሩ ሲከብድ ግን ያመልጣታል። ስለዚህ እኔ በአገውኛ እየተረጎምኩላት ገባን።

ከገመዱ ማዶ ጉድጓድ ነበር። በጉድጓዱ ወለል ላይ ሰው በግራ ጎኑ ተኝቷል፤ ጉልበቶቹን ወደ ደረቱ ሰብስቧል። አጥንቱ የተቆላ ገብስ መልክ አለው። ጥርሶቹ ተበልተው እንደ ወፍጮ ድንጋይ ተስተካክለዋል።  አባቴን በዓይነ ኅሊናዬ ሁልጊዜ ፈረስ ላይ ነበር የማየው፤ እዚያ አፈር ውስጥ እንደ ሕፃን ተኮራምቶ ላየው አልፈለግሁም።

ሹሙ በቀጭን ዘንግ እያመለከተ ያስረዳ ጀመር። «ይህ ሰው ክርስቶስ ከመወለዱ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የሞተ ነው» አለ።

እናቴ ትርጉሙን ከሰማች በኋላ፣ «ማን ቆጠረለት?» አለች።

ያለችውን ስነግረው ሹሙ ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ እናቴ ግን ፊቷን አጠቆረች። እሱም ቶሎ ብሎ የጉድጓዱን ግድግዳ አሳየን። አመድ በአፈር ላይ፣ አፈር በአመድ ላይ እየተደራረበ መጥቷል። ከአጥንቱ በላይ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ንጣፍ አለ። «ይህ ንጣፍ ሲገኝ አልተሰበረም ነበር። ሰው በቅርብ ጊዜ ተቀብሮ ቢሆን ኖሮ ይሰበር ነበር» አለ። ከአጠገቡ የተለቀሙ የባልጩት ስለቶችንም አሳየን፤ በእነዚህ ሥጋና ቆዳ ይቆርጡ ነበር አለን።

ከኋላችን አንድ ሰው፣ «ባልጩቱን ያመጡት ራሳቸው ናቸው» ሲል በሹክሹክታ ሰማሁት።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ያለውን ሁሉ ነው የምትነግሪኝ?»

«ሁሉንም።»

«ንጣፉ ሲገኝ አልተሰበረም ነበር አለ?»

«አዎ።»

«ሲገኝ አንቺ ነበርሽ?»

እናቴ ቀጥላ የግራ ክንዱ የት እንዳለ ጠይቂልኝ አለች። ሹሙ አፅሙ በግራ ጎኑ ስለተኛ ክንዱ ከሥሩ እንደሆነ፣ ገና ከአፈር እንዳልወጣ ነገረን። ይህ ለሌላ ሰው በቂ መልስ ነው። እኛ ግን የመጣነው ለዚያው ክንድ ነበር። ከቀሪው አካል ሁሉ ያ ክንድ ብቻ አለመታየቱ የአጋጣሚ ነገር አልመሰለንም። ዙሪያውን ስቃኝ ከድንኳኑ አጠገብ በምስማር የተመቱ የእንጨት ሳጥኖች አየሁ።

«እዚያ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?» አልኩት።

«ድንጋይና የእንስሳት አጥንት ነው።»

«ይከፈትልን።»

«እኅቴ፣ ታሽጓል። አሁን አይቻልም።»

እናቴ የሚለውን ሳልተረጉምላት ገባት። ዞር ብላ አያን ፈለገችው። አያ እስከ ገመዱ አልመጣም ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ዋሻው አፍ ላይ ቆሞ፣ ጥላሸት የጠጣውን ጣሪያ ቀና ብሎ ያያል።

«አጥንቱን አታይም?» አለችው።

«አይቼዋለሁ።»

«ከዚያ ሆነህ?»

«ይበቃኛል» አለና ቀድሞን ወጣ።

ስንመለስ በቅሎዎቹን ውሃ ልናጠጣ ወንዝ ዳር ቆምን። እናቴ ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻለችም።

«ባሌን የት ነው የቀበርከው?»

አያ ፈረሱን ከውሃው መለሰ። ከዚያ፣ «በየዓመቱ የምትስሚው ድንጋይ ሥር» አላት።

«ድንጋይ ሁሉ ድንጋይ ነው።»

ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ ልጄ፣ እንዲሁ ነው የምታስቢው?»

እኔ የበቅሎዬን ግላስ አስተካክል ጀመር። እሱም የኮርቻውን መቀነት አጠበቀና በሌላኛው መንገድ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ደጃችን አልረገጠም። እናቴም ወደ መቃብሩ መሄድ አቆመች፤ የማንን ድንጋይ ነው የምስመው ትል ነበር። ነገሩ በመንደሩ ተሰማ። አንዳንዱ ሰው አያን በመንገድ ሲያገኘው ሰላምታውን ማሳጠር ጀመረ። እኔ ሱቅ ውስጥ ሆኜ የፈረንጆቹን ሾፌር ባገኘሁት ቁጥር ክንዱ ወጣ ወይ እለዋለሁ፤ እኔ ሞተር እንጂ አጥንት አላውቅም ይለኛል። አንድ ቀን ምስማር ሊገዛ መጣ። ምስማር ለምን? ሌላ ሳጥን ሊዘጉ ነው አለኝ። አልቋል አልኩት። የምስማሩ ካርቶን ከኋላዬ መደርደሪያ ላይ ነበር፤ አየውና ወጣ።

ከዚያ ዘበኛው የሹሙን መልእክት ይዞ መጣ። «እናትሽን ይዘሻት ነዪ፤ ክንዱ ወጥቷል ብሎሻል» አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሌላ ጥርጣሬ ገባኝ። የመንግሥት ሹም ለአንዲት የገጠር ሴት ብሎ ሰው የሚልከው ምን ፈልጎ ነው? ክንዱን ለውጠውት እንደሆነስ? ይህንኑ ለእናቴ ስነግራት፣ «ለውጠውትም ከሆነ አየዋለሁ» አለችና ነጠላዋን አጣፋች።

ያን ቀን ሕዝብ አልነበረም። ሹሙ በገመዱ ሥር አሳልፎ ጉድጓዱ ውስጥ እንድንገባ ፈቀደልን። እርጅና የተጫናቸው ፈረንጅ እናቴን ሊደግፏት እጃቸውን ዘረጉ፤ እሷ ግን በራሷ ወረደች። ራሱንና የላይኛውን አካል አንሥተውት ነበር፤ የግራ ክንዱ ለብቻው በአፈሩ ላይ ተጋድሟል። ቀጭን ነው። ቀጥ ያለ ነው። ሹሙ የራሱን ክንድ ከጎኑ ዘርግቶ አስተያየልን፤ አጥንቱ በጣም ያንሳል።

«ልንካው በይልኝ» አለች እናቴ።

ሹሙ ለፈረንጁ ነገራቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አይሆንም ማለታቸው ነው። እናቴ ከተንበረከከችበት አልተነሣችም። ፈረንጁ ፊቷን ሲያዩ ቆዩና የሆነ ነገር አሉ። «በአንድ ጣት ብቻ፣ ቀስ ብለው» አለን ሹሙ።

እናቴ ጣቷን ከክርኑ አንሥታ እስከ አንጓው ድረስ አስኬደች። ከዚያ ደግማ ከአንጓው ወደ ክርኑ መለሰችው። ዓይኗን ጨፍና ነበር።

«የሱ አይደለም» አለች።

ሹሙ አጥንቱ የሴት ሳይሆን አይቀርም፣ ከዳሌዋ ይታወቃል አለን። ይህን ስተረጉምላት እናቴ ዓይኗን ገለጠች።

«ጉልበቷን እንዲህ ሰብስቦ ያስተኛት ማነው?»

«ቤተሰቦቿ ይሆናሉ» አለ ሹሙ። «እንዲሁ አልጣሏትም፤ ቀብረዋታል።»

«ሰው ነበራታ» አለች እናቴ በቀስታ።

ሹሙ ሳንጠይቀው ወደ ድንኳኑ ወሰደንና ከሳጥኖቹ አንዱን ነቅሎ ከፈተልን። በጭድ የተጠቀለለ ባልጩትና የአንድ እንስሳ መንጋጋ ነበረበት። እናቴ ጎንበስ ብላ አየችና፣ «ሌላውስ?» አለች። ይህን አልተረጎምኩትም።

ስንመለስ እንደ ሸክም የወረደላት ነገር ያለ መስሎኝ ነበር፤ ፊቷ ግን ከመሄዳችን በፊት ከነበረው የባሰ ነው። ቤት ስንደርስ፣ «አሁን እሱን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» አለች።

ሽማግሌ ላከችበት። አያ ሽማግሌዎቹን አብልቶ አጠጥቶ፣ ሽማግሌ አያስፈልግም፣ ራሷ ትምጣ ብሎ መለሳቸው። ሄድን። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ለበሩ ቀርከሃ ይሰነጥቅ ነበር። ግቡም ተቀመጡም አላለንም።

«አጥንቱ የሱ አይደለም» አለችው እናቴ ቆማ።

«አውቃለሁ።»

«በድዬሃለሁ።»

ቢላዋውን አስቀመጠ። «የበደልሽኝ አሁን አይደለም» አላት። «ዝናሩን ይዤልሽ የመጣሁ ዕለት ነው። ሞተ ስልሽ መጀመሪያ የጠየቅሽኝ ምን እንደነበር ታስታውሻለሽ? አንተ እንዴት ተረፍክ? ነው ያልሽኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማሳሽን ሳርስ ዓይንሽ ጀርባዬ ላይ ነበር። ጣራሽ ላይ ወጥቼ ሣር ስከድን ዓይንሽ ጀርባዬ ላይ ነበር። የማላውቅ መሰለሽ?»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ሰበሰበች።

«እኔስ እንዴት እንደተረፍኩ የማውቅ መሰለሽ?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጎን ለጎን ነበርን።»

እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ስለ አባቴ ስታለቅስ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ፤ እንዲህ ስታለቅስ ግን አይቼ አላውቅም። አያ እስክትጨርስ ጠበቃት። እኔ እግሩን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዞ አነሣኝ። ቀና ስል በተከፈተው በር በኩል ምሰሶው ታየኝ፤ ምንሽሩ እንደተሰቀለ ነው። ልጠይቀው ፈለግሁ። አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። የእናቴም ዓይን አንድ ጊዜ ወደዚያው ሲሄድና ሲመለስ አይቻለሁ። እሱም ሳያየን አልቀረም።

በዝክሩ ዕለት አያ መጣ። መቃብሩ ድረስ ሄደን፣ ተመልሰን ቤት ገባን። እናቴ ጠላውን ቀድታ፣ እንደ ደንቡ መርዝ የለበትም ለማለት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ልትቀምስለት ስትል እጇን ያዛት።

«ለእኔ አትቅመሺልኝ» አላትና ዋንጫውን ተቀብሎ ጠጣው። ጎረቤቱ ሁሉ አየ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታውን የሚያሳጥርበት ሰው አልነበረም።

ፈረንጆቹ ክረምቱ ሳይገባ ድንኳናቸውን ነቅለው ሄዱ። ላንድሮቨሩ ሱቃችን ፊት ቆሞ ሳለ እናቴ ነበረች። ወደ ሹሙ ጠጋ ብላ፣ በራሷ አማርኛ፣ «ያቺን ሴት የት ነው የምትወስዷት?» አለችው።

«አዲስ አበባ፣ እማማ። ሰው ሁሉ የሚያያት ቦታ ትቀመጣለች።»

«ትመልሷታላችሁ?»

«እንመልሳታለን» አለና ሰዓቱን አየ።

መኪናው ዳገቱን እስኪጨርስ ቆማ አየችው። የቀርከሃ አጥሩን ሰው ለየቤቱ ነቅሎ ወሰደው፤ ዋሻውም በዝናብ ጊዜ የበግ መጠለያ ሆነ። እናቴ ወደ አዲስ አበባ ደርሶ የመጣ ሰው ባገኘች ቁጥር ያቺን ሴት አይቷት እንደሆነ ትጠይቅ ነበር። አየኋት ያላት ሰው አልተገኘም። እኔም ከዓመታት በኋላ ለሕክምና ሄጄ ሳለ የጥንት ዕቃ ወደሚታይበት ቤት ጎራ ብዬ ነበር። በመስታወት ውስጥ ብዙ ባልጩት ተደርድሯል። ዘበኛውን ከአገው ምድር የመጣች ሴት አለች ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ «እትዬ፣ ሠራተኞችን የሚጠይቅ ሰው የሚገባው በዚያኛው በር ነው» አለኝ።